የቄስ ጥሩነህ ድድ

ቅመም ልገዛ ገበያ ወርጄ ሴትዮዋ የቅርንፉዱን ከረጢት አፍ ስትፈታው ሽታው ፊቴን መታኝና ቄስ ጥሩነህ ከነጥምጣማቸው ድቅን አሉብኝ። ሌላው ሰው ቅርንፉድ ሲሸተው ሻይ ያምረዋል። እኔ የሚታየኝ የታመመ ድድ ነው። ምን ላድርግ፣ ያደግሁበት ግቢ የሚሸተው እንደዚያ ነበር። ትንሽ አስመዘንሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ግቢው ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም። ጧት ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ የዓሣና የደንገል ሽታ ይዞ ይገባ ነበር። አባቴ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሰው ስለነበር ከቄስ ጥሩነህ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እሳቸው ፊት ለፊታችን ባለው ቤት ከባለቤታቸው ከእማማ ይታይሽ ጋር ናቸው። በረንዳቸው ላይ አጎዛ ተዘርግቷል፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፣ መስኮቱ ላይ ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረች ሬዲዮ አለች። አጎዛው ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት ሲደግሙ ጉንጫቸው ውስጥ ቅርንፉድ አይጠፋም። ሰው ሲያናግሩ ደግሞ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። እኛ ልጆች ጨዋነት ይመስለን ነበር።

ድዳቸው ይደማል። በሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል፣ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው። ቄስ ጥሩነህ ግን ቀዳሽ ናቸው፤ ደም የሚፈሰው ካህን ደግሞ መቅደስ አይገባም። ሥርዓት ነው። አንዲት ጠብታ ከታየች ያን ቀን ቅዳሴ የለም ማለት ነው። እሁድ ንጋት ላይ እናቴ እኔን ይዛ ስትሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ቆመው አያቸዋለሁ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው ድዳቸው ላይ ጫን ያደርጉና አውጥተው ያዩታል። ነጭ ከሆነ ይገባሉ።

ታዲያ እንዳይደማ ምን ያደርጋሉ? አይነኩትም። መፋቂያ የሚባል ነገር ከተዉ ቆይተዋል። ሲነካ ይደማል፣ ካልተነካ አይደማም፤ የእሳቸው ነገር ይህ ነበር፣ ለሚሰማውም ትክክል ይመስላል። እማማ ይታይሽ የወይራ መፋቂያ ልጠው ሲሰጧቸው ቄሱ ይቆጧቸዋል። የላላ ፍትፍት ብቻ ይበላሉ፣ በጨው ውሃ ይጉመጠመጣሉ። ሲብስባቸው ዋንዛዬ ወርደው ፍል ውሃውን በአፋቸው እየያዙ ሰንብተው ይመጣሉ። ለጊዜው ረገብ ይልላቸዋል፣ ከዚያ ያው ነው። ድዳቸው እየሸሸ ጥርሳቸው ረዘመ፤ ሲናገሩ የፊቶቹ ይነቃነቃሉ። ትንፋሻቸውም ከፋ። እናቴ መስቀላቸውን ስትሳለም ትንፋሿን ትይዛለች፣ እኔ እሷን እያየሁ እስቃለሁ።

እንዲህ ሳለ ከጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ዶክተር ሰላማዊት ተከራየች። ከአዳማ ተመድባ የመጣች ወጣት የጥርስ ሐኪም ናት፤ ጠጉሯ አጭር፣ ንግግሯ ከጠጉሯም ያጠረ። መስቀል ልትሳለም ቀርባ ትንፋሻቸው ሲደርሳት ቀጥ ብላ አፋቸውን እንዲከፍቱላት ጠየቀቻቸው። እማማ ይታይሽ በድፍረቷ ደነገጡ። እሳቸው ግን ከፈቱላት። ባትሪ አስመጥታ ወደ ውስጥ አበራችና ብዙ አየች።

«አባ፣ የሚደማው ስለሚነካ አይደለም፤ ስለማይነካ ነው» አለቻቸው።

ከጥርሱ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ እንደ ድንጋይ ደርቆ ድዱን እንዳቆሰለው፣ ቁስሉም ወደ ታች ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት እየበላ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሕክምናው ቆሻሻውን እስከ ሥሩ ፍቆ ማውጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው ጧት ማታ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት። መጀመሪያ ይደማል፣ ያስፈራል። ጥቂት ሳምንት ታግሠው ሳይተዉ ከቀጠሉ ግን ይቆማል። አብዛኛው ጥርስዎ ይተርፋል አለቻቸው።

ቄስ ጥሩነህ የሰሙት ይደማል የምትለዋን ብቻ ነው። ፍልሰታ ደርሷል። በፍልሰታ በየቀኑ ቅዳሴ አለ፣ ሕፃን ሽማግሌው ይቆርባል፣ ካህን አይበቃም። ከፍልሰታ በኋላ አሏት። ከፍልሰታ በኋላ ጽጌ ገባ፤ ከጽጌ በኋላ የነቢያት ጾም መጣ። ዶክተሯ በበረንዳው ባለፈች ቁጥር መቼ ነው አባ ትላቸዋለች፣ እሳቸው በነጠላቸው ሥር ይስቃሉ። ቀን ጠፋ። በሽታው ደግሞ ቀን አይጠብቅም።

በደብሩ ንግሥ ዕለት ጨርቁ ቀይ ሆኖ ወጣ። እኔ ከግንቡ አጠገብ ነበርሁ። በሌላው ጫፍ ደገሙት፤ ያም ቀላ። ሌላ ቄስ ተጠርተው ገቡ፣ ቄስ ጥሩነህ ውጭ ከሕዝቡ መካከል ቆመው አስቀደሱ። ውስጥ ቄሱ የሚሉትን ሁሉ እሳቸው ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ ይሉ ነበር። ቢያለቅሱ ወይም ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ሰው እንዲህ ባዶ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ዶክተሯን ሁሉንም እንድትነቅልላቸው ጠየቋት። ሁሉንም፣ ደህነኞቹን ጭምር። ጥርስ የሌለበት ድድ አንዴ ከዳነ እንደማይደማ ራሷ ነግራቸው ነበር። እምቢ አለች። የሚተርፉትን ላትርፍ፣ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይስጡኝ ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ከእንግዲህ ጨርቅ እያዩ፣ ይደማ ይሆን እያሉ እየሰጉ መቀደስ አይሆንልኝም አሉ።

«ልጄ፣ ጥርሱ የእኔ ነው። መቅደሱ ግን የእኔ አይደለም።»

ነቀለችላቸው፤ በአንዴ አይደለም፣ እያመላለሰች። ከክሊኒክ ሲመለሱ ማደንዘዣው ሳይለቃቸው አጎዛው ላይ ተቀምጠው፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ፣ በግቢው በር ወደ ሐይቁ ያያሉ። እሷ ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች። እናቴ ራቷን ይዛ ብታንኳኳባት ከፍታ «ደህና ጥርስ ነቀልኩ» አለቻትና መልሳ ዘጋች።

ድዳቸው ጠግጎ ለሁዳዴ ደረሱ። ጉንጫቸው ገባ፤ ግዕዙ ከአፋቸው ሲወጣ ፊደሉ ይንሸራተት ነበርና ጎረምሶቹ ይሳሳቃሉ። ግድም አልሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ግንቡ ጥግ ቆመው አላየኋቸውም። ብዙ ዓመት ቀደሱ። እኛ ከከተማው ጫፍ ሰባታሚት ቤት ሠርተን ወጣን፣ እኔም ሥራና ትዳር ያዝሁ። የሞቱ ጊዜ ቀብራቸው ላይ ነበርሁ። ምንም አልተሰማኝም። ሰዉ ያለቅሳል፣ እኔ ሐይቁ ላይ የተኛውን እምቦጭ አያለሁ። ሐዘን ዘግይቶ ይመጣል ሲሉ ሰምቼ ጠብቄው ነበር፤ አልመጣም።

አምና የእኔም ድድ ጀመረኝ። ዳቦ ስገምጥ የገመጥሁበት ላይ ደም አየሁ። ዶክተር ሰላማዊት አሁን የራሷ ክሊኒክ አላት፤ ጠጉሯ ሸብቷል፣ ንግግሯ እንዳጠረ ነው። የሄድሁት ሰኞ ነበርና ወረፋው አልንቀሳቀስ አለኝ። የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ከዳር እስከ ዳር ካህን ነው፤ ከከተማው ደብሮች የመጡ አሉ፣ በጀልባ ከየደሴቱ የተሻገሩ መነኮሳትም አሉ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ምን ጉድ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

የቄስ ጥሩነህ ሥራ ነው አለችኝ። ጥርሳቸውን ከጨረሱ በኋላ ያገኙትን ካህን ሁሉ ድድህ ይደማል ወይ እያሉ፣ ባዶ አፋቸውን ከፍተው እያሳዩ፣ ወደ እሷ ይሰዱ ጀመር። ሰኞን የመረጡትም እሳቸው ናቸው፤ እሁድ የቀደሰ ሰው ሰኞ ቢታከም ለሚመጣው እሁድ ይደርሳል ብለው ነው። እሳቸው ሞተውም ሰኞ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ከካህን አፍ ደህና ጥርስ ነቅላ አታውቅም። ይህን ብላ አፍሽን ክፈቺ አለችኝ፤ መርፌውን ወጋችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

ስወጣ ግማሽ ፊቴ የእኔ አልነበረም። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ጨብጠው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ብዙ ይደማል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ይደማል አባ። እስከ እሁድ ይደርቃል» አልኋቸው። ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኝ ቃሉ ተኮላተፈብኝ። ያልሰሙኝ ስለመሰለኝ ጎንበስ ብዬ ደግሜ ነገርኋቸው።