ሰው አይታተምም

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። አዲስ አበባ የታሰርኩበት ክፍል ገና በሩ ሳይከፈት ይሸት ነበር፤ ሰው በጎኑ ተደርድሮ የሚተኛበት፣ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም የሚገላበጥበት ነበር። የሮተርዳሙ ለእኔ ለብቻዬ ነው። ግድግዳው ቢጫ፣ አልጋው ሲሚንቶ፣ ፍራሹ ላስቲክ የለበሰ። መስኮቱ ከወፍራም የመስታወት ጡብ ስለተሠራ ብርሃን ያስገባል እንጂ ምንም አያሳይም። ከበሩ አጠገብ የደወል ቁልፍ አለች፤ ስጫናት እንደሚመጣ ጠባቂው በምልክት አሳይቶኛል። እስረኛ ጠባቂውን የሚጠራበት አገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድም ቀን አልተጫንኳትም። መጣ እንበል፣ ምን እለዋለሁ?

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ አገራችን በደርግ እጅ ነበረች። ከጅቡቲ በአንድ የጭነት መርከብ ወጥ ቤት ድንች እየላጥኩ መጣሁ። ሮተርዳም ወደብ ላይ ወርጄ ያገኘሁት የመጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ እጄን ሰጠሁ። ወረቀት አልነበረኝም። ጉዳይህ እስኪጣራ ብለው ከዚያች ክፍል አስገቡኝ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ባይብ ያመጡልኛል፤ አንድ ቀን ካርነሜልክ የሚሉትን በካርቶን የታሸገ ነገር ጨመሩልኝ። ብቀምሰው የእናቴ አሬራ ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ትንሽ አለቀስኩ። በቀረው ጊዜ ደክሞኝ ብቻ ነበር። እንቅልፍ ጠግቤያለሁ፤ የደከመኝ ራሴን ማስረዳት ነው። ለስንቱ ዘበኛና ለስንቱ ጸሐፊ ማን እንደሆንኩ ስናገር ቆይቼ፣ ታሪኬ የሌላ ሰው መስሎ ይሰማኝ ጀምሮ ነበር።

ታሪኬ ደግሞ አጭር ነው። ሙያዬ ፊደል ለቀማ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሚስዮን ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀምኩ ስደረድር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ የሚስዮኖቹን ታሪክ ግን በእጄ ስለደረደርኩት ከራሳቸው ሰዎች ይበልጥ አውቀው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መምህር በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ይዘው መጡ። መጽሐፉ ስለ ተሐድሶ ነው። ከአራት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት አንድ የጀርመን መነኩሴ በቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ላይ ያለውን ቅሬታ ጽፎ በር ላይ ቸነከረ። አታሚዎች ያን ወረቀት አባዝተው አገር ለአገር በተኑት። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ሰብስቦ መነኩሴውን አቆመና "የጻፍከውን ካድ" አለው። መነኩሴው ወዲያው አልመለሰም፤ "አንድ ቀን ስጡኝ" ብሎ ለመነ። በማግስቱ ቀርቦ አልክድም አለ። ከዚያ ወዲያ አውሮፓ በሃይማኖት ስትፋጅ ኖረች። እልቂቱን ትቼ ስናገር ለፊደል ለቃሚ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ያለ እኛ ያ ወረቀት ከበሩ አይርቅም ነበር። መምህሩ እርማት ለማየት በየሁለት ቀኑ ይመጡና በቀለም የጠቆረ እጄን እያዩ "አንተም እኮ ከተሐድሶዎቹ አንዱ ነህ" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ካድሬዎቹ መጽሐፉን አልወደዱትም። በገዢ ላይ የሚያምፅ መነኩሴ አሁን ለምን አስፈለገ አሉ። የጸሐፊው ስም አልታተመበትምና እኔን ከሥራ ቦታዬ ከነሽርጤ ወሰዱኝ።

ሮተርዳም በገባሁ በአምስተኛው ቀን ቃል የሚቀበለው ፖሊስ አስጠራኝ። ትልቅ ሰው ነው፤ ዐይኑ ሥር ያበጠ፣ በሁለት ጣት የጽሕፈት መኪና የሚመታ። ከጎኑ ቶልኩ ተቀምጠዋል፤ አስተርጓሚን ቶልክ ይሉታል እዚህ። ኤርትራዊ ናቸው፤ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ አዲስ አበባ ሠርተው አማርኛ ያወቁ፣ ሆላንድ ከገቡ ብዙ ዓመት የሆናቸው። የዘወትር ሥራቸው ቭላርዲንገን ወደብ ላይ ነው፤ ፖሊስ ሲፈልጋቸው ኮትና ከረባት አድርገው ይመጣሉ። ከረባታቸውን ሳይ እኔው ኮራሁ።

"አይዞህ ልጄ" አሉኝ። "በቋንቋህ ተናገር፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።"

ተውኩላቸው።

"ለምን ታሰርክ ይልሃል።"

"ስለ ተሐድሶ በሠራሁት ሥራ ነው" አልኩ።

በሆላንድኛ ተናገሩ። ፖሊሱ መምታቱን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ፊቱ ተለወጠ።

"የተሐድሶውን ሥራ ወድደህ ነው የሠራኸው?"

"ወድጄ ነው። ደሞዝም ይከፈለኝ ነበር።"

"ተሐድሶው በጠቅላላ ስንት ደረሰ ይልሃል።"

"ሁለት ሺህ።"

ፖሊሱ በትክክል መስማቱን ሊያረጋግጥ ቁጥሩን በብዕር ጽፎ አሳየኝ። "አዎ፣ ሁለት ሺህ" አልኩ። "ጊዜ ቢሰጡን ኖሮ እንጨምር ነበር።" በሥራዬ እኮራ ስለነበር ነው።

ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱን ከመኪናው አወጣና ከነብዕሩ ወደ እኔ ገፋው። "ነገ ዴን ሃግ፣ ሚኒስቴሩ ዘንድ ይሄዳል፤ የሚወስኑት እዚያ ያሉት ናቸው" አሉ አስተርጓሚው። "ላንብብልህና ትፈርማለህ።" አነበቡልኝ። የተሐድሶ ሥራ መሥራቴን፣ ወድጄ መሥራቴን፣ ደሞዝ መቀበሌን። ሁሉም እኔ ያልኩት ነው። ብዕሩን አነሳሁ። ወረቀቱን ልነካው ስል የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

"ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ።"

"'ሁለት ሺህ ሰው በተሐድሶ አሳልፌያለሁ።'"

"ሰው አላልኩም። ሁለት ሺህ ቅጂ ነው ያልኩት።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም ጋሼ። ሰው አይታተምም።"

ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። "ምኑን ነው የምታትመው?"

"ተሐድሶውን ነዋ። የመነኩሴውን ታሪክ።"

"የምን መነኩሴ?"

"እርስዎ ለፖሊሱ ምን ብለው ነው የነገሩት?"

"ተሐድሶ ነዋ! በሬዲዮ የሚሉትን። እስረኛውን ሰብስቦ፣ የነበረውን ሐሳብ አስጥሎ፣ የመንግሥትን..."

ያኔ ገባኝ። ወረቀቱ ላይ እኔ ካድሬ ነኝ፤ ሁለት ሺህ እስረኛ በእጄ አልፏል። ወደ አማርኛ መልሰው ሲያነቡልኝ ግን ያው ተሐድሶ ሆኖ ይመጣል፤ ስህተቱ በየት በኩል ይታየኝ? ቃሉ በፈረንጅ አፍ ምን እንደሚባል አላውቅም። ለፖሊሱ በእጄ ላስረዳው ሞከርኩ። በአየር ላይ በር ሠራሁ፣ ወረቀት ለጠፍኩበት፣ ከዚያ በጡጫዬ ምስማሩን መታሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩባያ ዘለለ። ፖሊሱ ክንዴን ይዞ "ረስቲኽ፣ ረስቲኽ" አለኝ፤ ተረጋጋ ማለቱ ነው። ሁለት ሺህ ሰው እንዴት እንደቀጠቀጥኩ ያሳየሁት ሳይመስለው አልቀረም።

ምን ሆነ ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቃቸው። ባጭሩ መለሱለት። ደክሞታል እንዳሉት በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ።

ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ "ፈርም ልጄ" አሉኝ። "ዴን ሃግ ሲደርስ ይስተካከላል።"

"ካልተስተካከለስ?"

"ካልተስተካከለማ ካድሬ ነው ብለው ይመልሱሃል።" ይህን መዋሸት አልቻሉም። "እኔ ስድስት ዓመት ስህተት አልተገኘብኝም። አሁን ተሳሳትኩ ብል ሁለተኛ አይጠሩኝም። ልጆች አሉኝ።"

አልተቆጣኋቸውም። ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል። ደግሞ ከአንድ ወረቀት ቶሎ በተገላገልኩ የሚል ሰው ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ በታሰርኩ በሦስተኛው ሳምንት ካድሬው አንድ የተጻፈ ገጽ አምጥቶ "ፈርምና ውጣ" አለኝ። እኔ የሱቅ ደረሰኝ እንኳ ሳላነብ የማላልፍ ሰው፣ ያን ገጽ ሳላነብ ፈረምኩ። ባነብ ማወቅ ይመጣል፤ ማወቅ አልፈለግኩም። የመምህሩ ስምና ሰፈር እዚያ ውስጥ እንደነበረ የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። በሳምንቱ ወሰዷቸው። አልተመለሱም።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"አንድ ቀን ይስጠኝ ይበሉልኝ።"

"ምን ልታደርግበት?"

"ላስብበት።"

ይቺን በትክክል ተረጎሙልኝ መሰለኝ። ፖሊሱ ሰዓቱን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። "ነገ ሌላ አፍስፕራክ አለው" አሉኝ፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። "ከዚያ በፊት ጠዋት ያይሃል።" ከወንበራቸው ተነሥተው ሳያዩኝ ወጡ።

ከሰዓት በኋላውን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አንድ ቀን ብለምንም የማስበው ነገር አልነበረኝም፤ ውሳኔው ብዕሩን ሳስቀምጥ አልቋል። የቀረኝ ፍርሃቱ ነው። አልፈርምም ማለት ይቻላል፤ ግን በምን ቋንቋ ነው ምክንያቱን የምናገረው? አፌ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈሩት አላቸው። ሌላ ቶልክ ቢያመጡልኝ ያንኑ ቃል ያንኑ አድርጎ ቢተረጉመውስ? መነኩሴው ያንን ቀን እንዴት እንዳሳለፈው መምህሩ ጽፈውት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልጻፉትም፤ መጽሐፉ ከዛሬ ወደ ነገ በአንድ መስመር ያልፋል። በመጨረሻ፣ የሚመልሱኝም ከሆነ አይቼ ባልፈረምኩት ይመልሱኝ አልኩ። ይህን ካልኩ በኋላ የቀረበልኝን ዳቦ በላሁ።

ጠዋት ስጠራ አስተርጓሚው ከፖሊሱ ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው። ከረባት የለም። የወደብ ልብሳቸውን ነው የለበሱት፤ ፈረቃቸውን ትተው መጥተዋል።

"መነኩሴው ወረቀቱን የቸነከረው በር ላይ ነው አይደል?" አሉኝ፤ ደኅና አደርክ እንኳ አላሉም።

"አዎ ጋሼ።"

"ቭላርዲንገን አውቶቡስ የምጠብቀው አንድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። ሰሌዳው ሄርቮርምደ ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳየው የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግቢውን የሚጠርገውን ሰውዬ ጠየቅኩት። መነኩሴ፣ በር፣ ወረቀት ብዬ። መጥረጊያውን ጥሎ ግማሽ ሰዓት አስተማረኝ፤ ለካ የተሐድሶ ማለት ነው። አውቶቡሱም አመለጠኝ።"

ወደ ፖሊሱ ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ። ሄርቮርሚንግ የሚል ቃል ሰማሁ። ፖሊሱ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ጡጫዬን አየ። ትናንት የመታሁት ምስማር ዛሬ ታየው መሰለኝ። ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

"እኔም ከነሱ ነኝ ይላል" አሉኝ አስተርጓሚው። "እሱ ኸሬፎርሜርድ ነው፤ በር የሚከፍትልህ ጠባቂ ደግሞ ሄርቮርምድ። ሁለቱም ታድሰናል ነው የሚሉት፤ ግን አንዱ ካንዱ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።"

"ለምን?"

"ለእሱ ሌላ ቶልክ ይፈለግልህ።"

ፖሊሱ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ መልሶ ከተተ። የእርሳስ ፊደል ተገልብጦ ስለሚደረደር እንዲያ ማንበብ ሙያዬ ነው፤ ከጠረጴዛው ማዶ ፊደሎቹን ተከተልኳቸው። የተሳሳተውና የተስተካከለው ቃል የመጀመሪያ ሦስት ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው። እነሱን ትቶ በቀሩት ላይ ኤክስ ደረደረባቸው፣ ከላይ አዲሶቹን መታ። አራት ቦታ ላይ እንዲህ አደረገ። ሰው የሚለውንም ቅጂ አደረገው።

ሲጨርስ አስተርጓሚው አንድ መስመር ይጨመር አሉ። አያስፈልግም ያላቸው ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን የወረቀቱን ግርጌ በጣታቸው እየነኩ እንቢ አሉ። "ስህተቱ የአስተርጓሚው ነው" የሚል መስመር ገባና ከሥሩ ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ፤ ተሐድሶ በሚለው ቦታ ሁሉ "የመነኩሴው" እያሉ። ያን ጊዜ ፈረምኩ።

የዴን ሃግ መልስ ወራት ፈጀ፤ እንድኖር ተፈቀደልኝ። የእሳቸውም ፍርሃት ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ለማስተርጎም የጠራቸው የለም። ይህን አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሮተርዳም ዙይድ እኖራለሁ። እሑድ እሑድ የምንቀድሰው ከተሐድሶዎቹ በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ በዚያ በመነኩሴው ዘመን ሥዕል ካስወጡ ወዲህ አይሰቅሉም። እኛ ጠዋት ሥዕሎቻችንን በማቆሚያ ላይ አቁመን ስንጨርስ በካርቶን መልሰን እናስገባለን፤ ምስማር መምታት አይፈቀድልንም። አስተርጓሚውን የሸኘናቸው ከዚያ ነው። ሬሳቸው ፊት ቆሜ ግርጌ ላይ ያስገቧትን መስመር ነበር የማስበው።

ልጄ እዚህ የተወለደች ናት፤ አንተ ነው የምትለኝ። የኪራይ ውል ወይም የሆስፒታል ቅጽ ሲመጣ "ፓፓ፣ ዝም ብለህ ፈርም በቃ፤ ሁሉም ሰው የሚፈርመው ነው" ትለኛለች።

"አንድ ቀን ስጪኝ" እላታለሁ።

በማግስቱ መነጽሬን አድርጌ ቃል በቃል እለቅመዋለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቃታለሁ፣ ትሰለቻለች። አባቴ ሰው አያምንም ትላለች ለጓደኞቿ። እኔ የማላምነው እጄን ነው። ያን የሮተርዳም ቀን የሰሙ ሰዎች ጎበዝ ነበርክ ይሉኛል። ለራሴ አንድ ቀን ለምኜ አግኝቻለሁ። ለመምህሩ አንድ ሰዓት እንኳ አልለመንኩላቸውም።