ዘግይቶ የታተመ ይግባኝ

ደብረ ታቦር፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረኝ። ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እያመጣ ፋይል ሲበላብኝ ምርር አለኝና ዊንዶውስን አጥፍቼ በምትኩ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሊኑክስ ጫንኩ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እኔ ግን መቼ አርፌ እቀመጣለሁ! በሩ ላይ «ከቫይረስ የጸዳ» ብዬ ለጠፍኩ፤ ከመንገዱ ማዶ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ሰውዬ ደግሞ በደንበኞቹ ፊት «የቫይረስ ጎተራ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከገሳይ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። የወሰን ክርክር ነበራቸው። የወረዳው ፍርድ ቤት ለባላጋራቸው ፈርዶ፣ ይግባኝ የሚሉበት የመጨረሻው ቀን ያ ሰኞ ነበር። መዝገብ ቤቱ በእጅ የተጻፈ አይቀበልም።

«ልጄ፣ ዛሬ ካልገባ መሬቱ ሄደ ማለት ነው» አሉኝ። «ታናሿ ልጄ ጎጆ ስትወጣ ልቆርስላት ያሰብኩት እሱን ነበር።»

«ምንም አያስቡ አባቴ፣ ለዚህች!» አልኳቸው።

መጻፉስ በእርግጥ ጊዜ አልወሰደብኝም። አትም ብዬ ስጫን ግን ማተሚያው ጭጭ አለ። ስክሪኑ «ተጠናቋል» ይላል፣ ወረቀት የለም። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። እሑድ ዕለት ሊኑክሱን በአዲስ ቀይሬ፣ ማተሚያውን ሳልሞክር ነበር ሱቄን የከፈትኩት። ኮምፒውተርና ማተሚያ የሚግባቡት ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም ነው። የኔ ድራይቨር ለአሮጌው ሊኑክስ የተሠራ ስለነበር አዲሱ አልቀበልም አለ።

ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ማተሚያውን ከዝርዝሩ አጥፍቼ እንደገና አስገባሁ። የሌላ ተቀራራቢ ሞዴል ድራይቨር ስሰጠው ጭራሽ ያለ ልክ ወረቀት ይተፋ ጀመር፤ በየገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል። ሽማግሌው አንዱን አንስተው በጥንቃቄ አዩት።

«ይኸ ነው?»

«አይደለም አባቴ።»

ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጬ መንገዱን መሻገር ነበረብኝ። ሌላ መፍትሔ አያስፈልገውም ነበር። ግን እኔ እዚያ ሰውዬ ደጅ ፍላሽ ይዤ ቆሜ «እባክህ አትምልኝ» ልል? ሞቼ ነው! ይልቅ ትክክለኛውን ድራይቨር ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። መስመሩ ሲያዘግም፣ ሲቋረጥ፣ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር የምሳ ሰዓት አለፈ። ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ ስሕተት ይመልስልኛል። እልህ ያዘኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሰዓት በኋላ ስለ መሬቱም ማሰብ ትቼ ነበር፤ ያቺን ማሽን ማሸነፍ ብቻ ነበር የምፈልገው። ሽማግሌው አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ረጋ ብለህ ሥራው ልጄ» ይሉኛል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው።

ማተሚያው የሠራው አሥራ አንድ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ጥርት ያለ ሦስት ገጽ ወጣ። ይዤው ሮጥኩ፤ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላዬ ሮጡ። መዝገብ ቤቱ ተቆልፏል። በማግስቱ ስንመለስ ሠራተኛዋ ቀኑን ቆጥራ ወረቀቱን መለሰችልን። ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ ሌላ አቤቱታ ጻፍኩላቸው። እሱማ ወዲያው ታተመ። ከጥቂት ቀናት በኋላ «የማሽን ብልሽት በቂ ምክንያት አይደለም» ተብሎ ውድቅ ሆነ።

ይህን የሰማን ዕለት ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመን ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ደስታዬ ነበር፤ ቢረግሙኝም ይገባኝ ነበር።

«አይዞህ» አሉኝ፣ እኔን! «አንተ ምን ታደርግ፣ ቀኑን ሙሉ ስትደክምልኝ ነው የዋልከው። ማዶ ያለው ሰው ለሌላው ሲያትም አየው ነበር። ልነሣና እሱ ዘንድ ልሂድ ብዬም አስቤ ነበር። ኋላ ግን፣ ጀምሮልኝ ሳለ ጥዬው ብሄድ ይከፋዋል፣ ሰው ፊትም ያፍራል ብዬ ተውኩት። ነውር ነዋ።»

ለኔ ክብር ብለው ነበር የተቀመጡት፤ እኔም ለዚያው ለክብሬ ብዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ማሽኑ ነው አባቴ፣ ማሽኑ ነው ጉድ የሠራን» አልኳቸው።

አመኑኝ። ማሽኑን ረግመው፣ እኔን መርቀው፣ የገሳይ መኪና ተሳፈሩ።