«ያዙኝ» ማለት ያቃተው አባቴ

አባቴ ከሰው ምንም ነገር በቀጥታ ጠይቆ አያውቅም። ውሃ ሲጠማው «እዚህ ቤት ውሃ ጠፋ እንዴ?» ይላል፤ እኛ እንቀዳለን። መሰላል ሲያስፈልገው ጎረቤታችንን ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራው ቆይቶ፣ «ጣሪያችን እኮ ማፍሰስ ጀመረ» ብሎ ዝም ይላል። መሰላሉ ይመጣል። ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ባሰበት። «እባክህ» ማለት ከሰው በታች መሆን ይመስለው ነበር።

ሞባይል ገና በየሰው እጅ ባልገባበት ዘመን ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ እሑድ ጠዋት እንጦጦ አስቀድሰን በእግራችን ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ስንወርድ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ድንገት ቆመ። ግንድ ተደግፎ ደረቱን ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ በዚያ ብርድ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። ቁልቁለቱ ነው። ትንሽ ልረፍ።»

ልደግፈው ስጠጋ እጄን ገፋው። ዙሪያዬን ቃኘሁ። በአካባቢው ቤት የሚባል የለም።

ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ከላይ መጡ። ልጮህ አፌን ስከፍት በዓይኑ ገሠጸኝ። ከግንዱ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አነሣላቸው።

«እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ደህና፣ ደህና፣ ተመስገን።»

አለፉ። ጀርባቸው ከዛፎቹ መሀል ሲጠፋ፣ አባቴ እዚሁ ፊቴ ሊሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ይሉኝታው ሊገድለው ነው። እሱን ማዋረድ ፈርቼ እኔም አልተጣራሁም።

ቀጥሎ የመጣችው እንጨት የተሸከመች ጎልማሳ ሴት ናት። እሱን አየችው፤ እኔን አየችኝ። እንባዬ መጣ። ምንም ሳትጠይቀኝ ሸክሟን አወረደች።

«አባባ፣ ባላስቸግርዎ ወደ ታች ነዎት?»

«አዎ፤ ምነው?»

«ታች አንድ ክፉ ውሻ አለ፤ ትናንት ሊዘነጥለኝ ነበር። እርስዎ ዣንጥላ ይዘዋል። ክንድዎን ይዤ ብወርድ ቅር ይልዎታል?»

«እንጨትሽስ?»

«ጓደኞቼ ከኋላ ናቸው፤ ያነሡልኛል።»

አባቴ ጥቂት አሰበና «ግድ የለም፣ ልሸኝሽ» አለ።

ክንዱን ብብቷ ሥር አስገብታ ጨብጣ ያዘችው። «ቀስ እንበል አባባ፤ እኔም ጉልበቴን ያመኛል» አለች። ለእኔ ደግሞ፣ «ነይ በዚያ በኩል ያዢን፤ ያንሸራትታል።» ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። በየመታጠፊያው አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ እያልኩ እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም። ክብደቱን የተሸከመችው እሷ ነበረች።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ታክሲ አስቆመችና ለሾፌሩ በጆሮው አንሾካሾከች። ሾፌሩ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰደን። በመስኮት ዘወር ስል፣ ሽቅብ ወደ እንጨቷ ትሮጣለች።

ልቡ ነበር። ሰንብቶ ዳነ። እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ምን እንደገጠመው ስትጠይቀው፣ «አንዲት ምስኪን ውሻ ፈርታ ስሸኛት ደከመኝ» አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማን ነው ማንን የሸኘው?»

«እሷ ናት።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ብድሯን እግዚአብሔር ይክፈላት» አለች። «እሱ ፊት ግን እንዳታነሺው።»