ከብት የሌላት ወረዳ

«ታዲያ ይቺ ደጃፍ ላይ የታሰረችው ምንድን ናት?» አለ የወረዳው ኃላፊ፣ በቢሮው መስኮት ወደ ውጭ እየጠቆመ።

«ተከትላኝ መጣች» አሉ ሽማግሌው።

«ያን ሁሉ መንገድ?»

«ላም ናት፤ መንገድ ካየች ትሄዳለች።»

«በገመድ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። እኔ በሁለቱ መካከል እርሳሴን ጨብጬ ተቀምጫለሁ።

ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ወረዳ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ያለውን ሰውና ከብት ቆጥሮ የሚያሳይ ጽሑፍ፣ እንዲልክ ከበላይ ታዞ ነበር። የእንስሳት ክሊኒክ የሚሠራውም ከብት ለበዛበት ወረዳ ነው ተባለ። ኃላፊው በዘመን መለወጫ በዓል ግጥም ሳነብ ሰምቶኝ ስለነበር፣ «ግጥም የሚጽፍ ፕሮፋይል አያቅተውም» ብሎ ደብተርና ቅጽ ሰጠኝ። ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጽሑፌ ታትሞ ባይ ሌላ አልፈልግም ነበርና ተቀበልኩ።

በእኛ አገር ከብትና ልጅ በቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረውን ዓይን ይበላዋል ተብሎ ይፈራል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ቅጹ ላይ ያለው «የከብት ብዛት» የሚል ባዶ ሳጥን ግን አያውቅም። ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት የበረቱን በር በጀርባቸው ከልለው «ከብት? እኔ ድሃዋ!» ሲሉኝ፣ ከኋላቸው በረቱ በሙሉ እምቧ አለ። ሌላ መንደር ደግሞ አንድ ጥጃ ደብተሬን ይልሰው ጀመር። የማን ነው ብዬ ብጠይቅ ባለቤቱ «የጎረቤቴ ነው» አለኝ። ጎረቤትየው ዘንድ ሄድኩ። «ኧረ የሱ ነው!» አለ። «ባለቤት የሌለው ጥጃ» ብዬ መዘገብኩ።

መጨረሻ ላይ ያየሁትንም የሰማሁትንም ሳልደብቅ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በወረዳችን ከብቶች ይታያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይሸታሉ፤ ግን የሉም።» ኃላፊው አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌው ላማቸውን እየጎተቱ የደረሱት ልክ ያን ጊዜ ነበር። ላሚቱ ሣር ካፏ ካደረገች ቀናት አልፈዋል፤ ዓይኗ ፈዟል። ሐኪሙ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ላም ደግሞ ሚኒባስ አያሳፍራትም። ስለዚህ ሐኪም ይላክልኝ ሊሉ መጡ።

«አባቴ» አለ ኃላፊው አሁን ለዘብ ብሎ፣ «ከብት የለኝም ካሉ ሐኪሙ ማንን ሊያክም ይመጣል?»

«የታመመችውን።»

«እንግዲያው እሷን እንመዝግባት።»

«አይሆንም።»

«ቁጥር ካልጻፍን ክሊኒኩ ለሌላ ወረዳ ይሄዳል! ስንት ከብት አለዎት ማለት ምን ነውር አለው?»

ሽማግሌው «እርስዎስ ጌታዬ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አሉት።

አሁን ጣሪያውን የሚያየው ኃላፊው ሆነ። «እግዜር ይመስገን… አሉ» አለ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እሱንም ጻፈው።»

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «አባቴ፣ አይቁጠሩ። እንዲያው በየመልካቸው ያወድሱልኝ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ከብት ማወደስ ነውር የለበትም። ተነሥተው ቆሙ። «ዳልቻ አለ፣ ቀንበር ሲያይ አንገቱን የሚሰጥ! ቦቃ አለ፣ ግንባሩ በጨለማ መንገድ የሚያሳይ! ወይኖ አለ፣ ጅራፍ በጀርባው አርፎ የማያውቅ!» አንዲት ቃል ሳላስቀር ጻፍኩ። ስንት ሌሊት ስፈልገው የነበረ ግጥም ጋቢ ለብሶ ፊቴ ቆሟል። ቅጹንም ክሊኒኩንም ረሳሁ።

«ቡሬ አለች…» አሉና በመስኮቱ ደጃፍ ወደታሰረችው ላም አዩ። «ልጆቼን በወተቷ ያሳደገች።»

ይህን ጊዜ ኃላፊው በሹክሹክታ «አራት» ሲል ሁለታችንም ሰማን። እጁ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ አራት ጣቶቹ ታጥፈዋል።

«ቆጠርክ!» አሉ ሽማግሌው። እርስዎ ማለቱ ቀረ።

«ኧረ አልቆጠርኩም!»

«ጣትህስ?»

ኃላፊው ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። «አባቴ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው…»

«ከሁሉ ከሁሉ በታመመችው ላይ አቆምክ! በሷ ላይ!»

ገጹን ከደብተሬ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? ባስቀረው፣ ላሚቱ ብትሞት ገዳይዋ እኔ ልሆን ነው። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠውን ወረቀት አራት ላይ አጥፈው በብብታቸው ሸጎጡት።

«ሐኪሙስ?» አለ ኃላፊው ከወንበሩ እየተነሣ። «ሐኪሙን አልፈለጉም?»

ሽማግሌው የበሩን እጀታ ይዘው ዞሩ።

«ለየትኛዋ ላም?» አሉና ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።