የእናቴ ተራ

ቡሬ አዲስ በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ረዳት መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር፣ የባህል ቀን ይዘጋጅ ተባለ። ፐብሊክ ሌክቸር፣ የሥዕልና የባህል ዕቃ ኤግዚቢሽን፣ የተማሪዎች ጭፈራ አለው፤ ከዋናው ግቢም ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ኤግዚቢሽኑ ለእኔ ተሰጠኝ። የአገሩ ልጅ ስለሆንሁ ዕቃው አይቸግረውም ብለው ነው። ለማስተርስ የሚላኩ መምህራን ስም በዚያው ሰሞን ይያዝ ስለነበር፣ አልችልም ማለት አልሆነልኝም።

ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ እንኳ ሳልከፍተው በፊት ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ። እና ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ልቤ ሳልበላ ሞፈርና ቀንበር፣ አገልግል፣ የቆዳ ስልቻ፣ አሮጌ በገና ሰበሰብሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ አዳራሹን ዞሮ አየና ይኼ ሁሉ ማንኩሳ ገበያ የሚገኝ ነው፣ ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር የለህም ወይ አለኝ። ወዲያው የእናቴ ቤት ታወሰኝ።

እናቴ የምትኖረው ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። በዚያ ወር የማርያም ማህበር ጽዋ እሷ ዘንድ ነበር። ማህበርተኛው በየወሩ በሃያ አንድ በተራ እየተገባበዘ ይጠጣል፤ ተረኛው ጽዋውን በእልልታ ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ እስከሚቀጥለው ወር ያኖረዋል። ጽዋው ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነው፣ ክዳን አለው፣ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። ማህበርተኞቹ ሃያ አራት ስለሆኑ ተራ የሚደርሰው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ያለፈው የእናቴ ተራ ሲደርስ አባቴ ገና መሞቱ ነበርና፣ ሐዘንተኛ ናት ብለው ዘለሏት። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ውስጥ ያ ቤት ተዘጋ የሚሉ እንደነበሩ ታውቃለች። የጥር ማርያም ለእሷ ከድግስም በላይ ነበረ። ቤቱ እንዳልተዘጋ ማሳየት ፈልጋለች። ጥምቀት እንዳለፈ ጌሾ መውቀጥ ጀምራ ነበር።

የማርያም በዓል አራት ቀን ሲቀረው ሄጄ ለመንኋት። ጽዋ ለትዕይንት አይወጣም ብላ ሞገተችኝ። ስለ ማስተርሱ ነገርኋት፤ ኤግዚቢሽኑ አሥራ ዘጠኝና ሃያ ነው፣ ሃያ ማታ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ ማልሁላት። ብዙ ቆይታ ጽዋውን ራሷ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችው። ለማህበሩ ሙሴ፣ ማለት ማህበሩን ለሚመሩት ሽማግሌ፣ እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ።

ግቢ ስደርስ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እንደ ሌላው ዕቃ ሁሉ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚሉትን የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ ቆርጦ ተረከበኝ። የኃላፊው ፊርማ ከሌለበት ከዚህ በር አንድ ማሰሮ አይወጣም አለኝ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጽዋው ሥር የሚቀመጠውን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። «የማህበር ጽዋ። ከተረኛው ቤት ይዞት የሚወጣ ሰው የሚቀጥለው ተረኛ ይሆናል» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። ጽሑፌ አማረኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አሥራ ዘጠኝ ጧት እንግዶቹ የሚመጡት ሃያ አንድ ነው የሚል ስልክ ተደወለ፤ አዳራሹም ተቆለፈ። ኃላፊው ቢሮ ሄድሁ፣ ስልክ ላይ ነበር፣ ተመለስሁ። ከሰዓት ደግሜ ሄድሁ። አፌን ሳልከፍት ያ ጽዋ እኮ የኤግዚቢሽኑ ዋና ነው፣ ሌክቸሩን የሚሰጡት እንግዳ ንግግራቸውን በእሱ ላይ ሊያደርጉት ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሺ አልሁ። ሃያ ቀኑን ሙሉ ጎረቤታችን ዘንድ ልደውልና ለእናቴ ልንገራት እያልሁ ስልኩን አንስቼ፣ ሳይጠራ ዘጋሁት። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ምን እላታለሁ?

በማርያም ዕለት አዳራሹ ሞላ። እንግዳው ምሁር ስለ ማህበርና ስለ ዕድር ተናገሩ፤ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። መሐል ላይ ጽዋውን አስመጡና ጨርቁን ገልጠው፣ ክዳኑን አንስተው፣ ባዶውን ለተማሪው አሳዩ። ይህ እየጠፋ ያለ ሀብት ነው፣ ሳያልቅ ልንሰበስበው ይገባል አሉ። እኔ ከመድረኩ ሥር ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ቅዳሴ ወጥቷል። ሰው ወደ እናቴ ቤት እየሄደ ነው። እኔ ግን ከቆምሁበት አልነቃነቅም።

በሩ ተከፈተና እናቴ ገባች።

ነጠላዋ ጥርት ያለ ነጭ ነው፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ድግሷን ጥላ በሚኒባስ መምጣቷ ነው። በወንበሮቹ መሐል ቀጥ ብላ መጣች፣ ማንንም አላየችም፤ ጎንበስ ብላ ጽዋው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ጠርዝ ተሳለመች። ተማሪዎች ሳቁ፣ አንዳንዶቹ በስልካቸው ፎቶ አነሱ። እንግዳው ደስ ብሏቸው እኚህ እናት ማን ናቸው ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«ከአካባቢው ማህበረሰብ ናቸው» አልሁ።

እናቴ ከእኔ ሦስት እርምጃ አትርቅም ነበር። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እናቴ ናት ካልሁ ጽዋው እንዴት እንደመጣ ልጠየቅ ነው፣ ተማሪዎቼም ይስቃሉ። ሰበብ አላጣም፤ ያፈርሁት ግን በእሷ ነው።

እንግዳው ማይክራፎኑን ሰጧትና ስለዚህ ጽዋ ምን ይሉናል አሏት። ማይክራፎን በእጇ ይዛ አታውቅም። እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ዛሬ ይጠጣበታል» አለች። «ሰው ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንግዳው እንግዲያ ይውሰዱት እንጂ ብለው ሳቁና በሁለት እጃቸው አነሱላት። እሷ ግን አልተቀበለቻቸውም፤ በአገጯ እኔን አመለከተች። ያመጣው ይመልሰው ማለቷ እንደሆነ እኔ ብቻ አወቅሁ። ሦስት ቀን ልጠይቀው የፈራሁትን ፊርማ ኃላፊው እዚያው ቆሞ፣ የእንግዳውን ፊት እያየ፣ ጣል አደረገልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ጽዋውን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። እስከ ማንኩሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የጽዋውን ጨርቅ በእጇ ታስተካክል ነበር። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

ስንደርስ ማህበርተኛው መደቡን ሞልቶ ተቀምጧል። ሙሴው ነገሩን ሰምተዋል። ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ጽዋው ከዚህ ቤት በማን እጅ ወጣ ብለው ጠየቁ። በትልልቅ ፊደል የጻፍሁት ሕግ በእኔም ላይ እንደሚሠራ ያን ጊዜ ገና ገባኝ። ይዤው በወጣሁ ሰዓት የእናቴን ተራ ይዤ ወጥቻለሁ። ማህበሩ ሳያውቅ ወጣ ከተባለ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል፤ ቤቱ ከማህበር ይሰረዛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ሙሴውን አየሁና መልሼ ገጠምሁት።

«በልጄ እጅ ነው የወጣው» አለች እናቴ። «አባቱን ይተካ ብዬ ተራዬን ለእሱ ሰጥቼ ነው ያስያዝሁት። ለእናንተ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

ሙሴው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ውሸት መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። መልካም ነው አሉ። የማርያም ዕለት እንዲህ የእኔ ሆነ።

የንስሐ አባታችን ቆመው ዳቦውን አስያዙኝ። አራት ዓመት የጠበቀችው፣ ራሷ የጋገረችው ዳቦ ነው፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። ቤትህን ያቁምልህ፣ ጎተራህን ይሙላልህ፣ ለከርሞው ያድርስህ ብለው በእኔ ስም መረቁ። ማህበርተኛው በየመሐሉ አሜን ይላል። እናቴ ጋኑ አጠገብ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ እንደ ቀጂ ቆማለች። እኔ ዳቦውን አያለሁ። ምርቃቱ ሲያልቅ ቀና አልሁ፤ ሁሉም የእኔን አፍ ይጠብቃል።

«አሜን በል እንጂ» አለችኝ እናቴ። «አንተን እኮ ነው።»

አሜን አልሁ።