ክብሪቱ ያልጠፋላቸው ሹፌር

ቢቸና ነርስ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሞጣ መናኸሪያ ሄጄ ሲጋራ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ ለሹፌሮችና ለረዳቶች እንዳስተምር ታዘዝኩ። የያዝኩትን ፖስተር መንገድ ላይ ዝናብ መታውና ቀለሙ ተደበላለቀ። ያን ዘርግቼ ብቆም መሳቂያ ነው የምሆነው ብዬ በቀጥታ ሥጋ ቤት ገባሁና የበግ ሳንባ ጠየቅሁ።

«ለድመት ነው?» አለኝ ሥጋ ሻጩ።

«ለሹፌሮች» ስለው ቢላዋውን አስቀምጦ ሳቀ።

ከጎሚስታው የጎማ መንፊያ ተውሼ ሳንባውን በአየር ቧንቧው በኩል ነፋሁት። እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል መናኸሪያው በሙሉ ከበበኝ።

«ጤነኛ ሳንባ እንዲህ ይለጠጣል» አልኩ። «ጭስ ሲመላለስበት ግን ውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይበላሻሉ። የተበላሸው ደግሞ ተመልሶ አይጠገንም።»

ከፊት የቆሙ፣ የሞጣን መስመር ለረጅም ዘመን የነዱ ሹፌር ፈገግ አሉ። ጣታቸው መሐል ሲጋራ ይጨሳል።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ የበግ ነው። በግ መቼ አጨሰ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነታቸውን ነው።

«እንግዲያው በእርስዎ እንሞክረው» አልኩና ክብሪት ጫርሁ። «አፍዎን ከፍተው፣ ከንፈርዎን ሳያሞጠሙጡ ያጥፉልኝ።»

እፍ አሉ። ነበልባሉ ወዝወዝ ብሎ ቀጥ አለ። ሲደግሙ ሳል ያዛቸው። ሌላ ክብሪት ስጭር፣ አጠገባቸው የቆሙ በዕድሜ የሚበልጧቸው፣ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ የጨርቅ ነጋዴ «ቢስሚላህ» ብለው በአንድ ትንፋሽ አጠፉት። ሊያጨበጭብ የነበረው ሰው የሹፌሩን ፊት አየና ተወው። እኔም አፈርኩ፤ ሰውን በወዳጆቹ ፊት ማሳጣት አልነበረም ሐሳቤ።

ሲያልቅ ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ አገኘኋቸው። ቀደሙኝ።

«ዳገት ስወጣ የሚያፍነኝን እርጅና ነው እል ነበር። አሁን ብተወው ይሻለኛል?»

«የተጎዳው ባይመለስም ከዚህ እንዳይብስ ይረዳዎታል። ሳሉም ይቀልልዎታል» አልኳቸውና ቢቸና እንዲመጡ ቀጠርኳቸው።

መጡ። ተዉት፤ አንድ የገበያ ቀን ተሸነፉና እንደገና ለኮሱ፤ ተናደው ደግሞ ተዉት። በሁለተኛው ጸኑ።

አሁን በሚኒባሳቸው ስሳፈር ከመሪው አጠገብ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ሲጋራ ያወጣ ተሳፋሪ ካዩ መኪናውን ዳር አስይዘው ስለ ሳንባ ያስተምራሉ። የከረጢቶቹን ነገር ትንሽ ያጋንኑታል። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ እንጂ አላርማቸውም።