ስለ ጥርሴ የከሰስኩት ባለመድኃኒት

ወላሂ፣ ይሄን ጉድ ሳስበው ዛሬም ክው እላለሁ። ለወገቤ ሐኪም ያዘዘልኝን ኪኒን እዚሁ ሸዋሮቢት ካለ መድኃኒት ቤት እገዛ ነበር። ከምላስ ሥር ይዞ ማሟሟት ነው። ወገቤስ ተሻለው፣ ጥርሴ ግን እየተሸረፈ አለቀ። የጥርስ ሐኪሙ አፌን አይቶ፣ "ጥርስዎን የበላው ኪኒኑ ነው። ከሟሟ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ ነበረብዎት፤ አልነገሩዎትም?" አይለኝም!

ማን ነግሮኝ! ልጄ ፍርድ ቤት እንክሰስ አለ። እኔ ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው ብዬ፣ ባለመድኃኒቱን ሽማግሌ የሚቀመጥበት ማንጎ ሥር አስጠራሁት። ጥርሴን ያስተክልልኝ እንጂ፣ የማሽላ እሸት እያማረኝ ልሙት እንዴ?

መጣ፤ እንደ ልማዱ አፉን በማስክ ሸፍኖ። ኪኒኑ ጥርሴን እንደበላው፣ እሱም መጉመጥመጡን እንዳልነገረኝ አንድ ባንድ ተናገርኩ።

"እውነት ነው፣ አልነገርኳቸውም" አለ ከማስኩ ውስጥ።

ሽማግሌው ሼኽ ቆጣ አሉ። "ልጄ፣ እኛ ፊት አፍ ተሸፍኖ ቃል አይሰጥም። ግለጠው!"

"ሼኽዬ፣ ይቅርብኝ።"

እኔማ ውስጥ ውስጡን የሚስቅብኝ መስሎኝ፣ "ይግለጠዋ! በድዴ ሲስቅ ሰው ይየው!" ብዬ ጮህኩ።

ቀስ ብሎ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደው። ያ የልጄ እኩያ፣ የፊት ጥርስ የሚባል አንድም የለው!

"እማማ ዘሀራ" አለኝ፣ "እኔም ለወገቤ ያንኑ ኪኒን ነው የምወስድ። ጥርሴ በምን እንደረገፈ ገና አሁን ካንቱ መስማቴ ነው። ለኔስ ማን ነገረኝ?"